የእግረኛ መንገድን በመንግሥት ድጎማ ለማሠራት፦ ለጎንደር የሰፈር ኮሚቴዎች የተዘጋጀ መመሪያ

ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው በጎንደር ከተማ በሰፈር ልማት ኮሚቴ፣ በዕድር፣ በወላጆች ኅብረት ወይም በአካል ጉዳተኞች ማኅበር ስም ተሰባስበው የእግረኛ መንገድ በመንግሥት ገንዘብ ለማሠራት ለሚጥሩ ሰዎች ነው። መንገዱም ዊልቸር የሚጠቀመውም ነጭ በትር የያዘውም፣ ልጅ ያዘለችውም በክራንች የሚሄደውም ሳይቸገር የሚያልፍበት መሆን አለበት። ችግሩ የቱንም ያህል ቢከብድ፣ ካልተለካ፣ ዋጋ ካልወጣለትና በከተማው የካፒታል ዕቅድ (የግንባታ ሥራዎች ዕቅድ) ውስጥ መስመር ካልያዘ የድጎማ ገንዘብ አይደርሰውም።

ይህን የተማርኩት ከስሕተት ነው። የሰፈራችን ኮሚቴ ጸሐፊ በነበርኩበት ጊዜ ያስገባነው የመጀመሪያ ደብዳቤ አንድ ገጽ ሆኖ ከሥሩ ብዙ ፊርማ ነበረበት። ሕፃናትና አረጋውያን በክረምት ክዳን በሌለው ዲች (የጎርፍ ማስወገጃ ቦይ) ውስጥ እየወደቁ መሆኑን ዘርዝረን አፋጣኝ መፍትሔ ጠየቅን። ደብዳቤው «ለሚመለከተው» እየተባለ ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ሲመራ ከርሞ በመጨረሻ «በዕቅድ ይታያል» ተብሎ ፋይል ውስጥ ገባ። የመራው ባለሙያ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ከየት እስከ የት፣ ስንት ሜትር፣ በስንት ብር የሚለውን ስላልነገርነው በዕቅዱ ላይ የሚጽፈው ነገር አልነበረውም።

ገንዘቡ የሚገኝባቸው በሮች

የከተማ አስተዳደር በጀት በዋናነት ሁለት ምንጭ አለው። አንደኛው ከክልሉ የሚመጣው ጥቅል ድጎማ ሲሆን አብዛኛው ለደመወዝና ለመደበኛ ሥራ ማስኬጃ፣ ማለትም ለትምህርት፣ ለጤናና ለመሳሰሉት አገልግሎቶች ይውላል። ሁለተኛው ከሊዝ፣ ከኪራይና ከአገልግሎት ክፍያ የሚሰበሰበው የማዘጋጃ ቤት ገቢ ነው፤ የውስጥ ለውስጥ መንገድ፣ የጎርፍ ማስወገጃና የእግረኛ መንገድ የማዘጋጃ ቤት ሥራዎች በመሆናቸው ከዚህኛው ቋት ይፈለጋሉ። ጥያቄውን ይዞ ወደ ጥቅል ድጎማው መሮጥ ብዙ ኮሚቴዎችን ጊዜ አባክኗቸዋል።

ከእነዚህ ሌላ ለመሠረተ ልማት ተብሎ በአፈጻጸም ላይ ተመሥርቶ የሚሰጥ ድጎማ አለ። በፌዴራል መንግሥትና በዓለም ባንክ የገንዘብ ድጋፍ በ2000 ዓ.ም. የተጀመረው ዩኤልጂዲፒ (የከተማ አስተዳደሮች ልማት ፕሮግራም)፣ በ2006 ዓ.ም. ጸድቆ 44 ከተሞችን ያቀፈው ሁለተኛው ምዕራፉ፣ ከዚያም በ2010 ዓ.ም. 117 ከተሞችን ይዞ የተከተለው ዩአይአይዲፒ (የከተሞች ተቋማዊና መሠረተ ልማት ፕሮግራም) የዚህ ዓይነት ነበሩ። የፕሮግራሞቹ ስም በየጊዜው ይቀያየራል፤ አሠራሩን መረዳት ግን ለሚቀጥለውም ይጠቅማል። ከተማው በመጀመሪያ ዝቅተኛ መስፈርቶችን ያሟላል፤ ይኸውም ሒሳቡን ያስመረምራል፣ የካፒታል ኢንቨስትመንት ዕቅድ ያዘጋጃል፣ ከራሱ ገቢም ድርሻውን ይመድባል። ከዚያ በየዓመቱ ይገመገምና ባገኘው ነጥብ መጠን ገንዘብ ይለቀቅለታል። ከሚገመገምባቸው ነገሮች አንዱ ኅብረተሰቡ በዕቅዱ ላይ መወያየቱ ስለሆነ፣ ኮሚቴው በአግባቡ የተያዘ ቃለ ጉባኤ ይዞ ሲቀርብ ለከተማውም የሚጠቅም ሰነድ ይዞ መሄዱን ይወቅ።

በእነዚህ ፕሮግራሞች ገንዘብ በብዛት የተሠሩት የኮብልስቶን ንጣፍና የጎርፍ ማስወገጃ ቦይ ናቸው። የእግረኛ መንገድን ለብቻው «አዲስ ፕሮጀክት» አድርጎ ከማቅረብ ይልቅ ሊሠራ ከታቀደ ቦይ ወይም ኮብልስቶን ጋር ማያያዝ እጅግ የሚቀልለው ለዚህ ነው። በደንብ የተከደነ ቦይ ራሱ የእግረኛ መንገድ ይሆናል፤ ቁፋሮውም፣ የከርብ ስቶን (የመንገድ ጠርዝ ድንጋይ) ሥራውም፣ የአማካሪ ክፍያውም አንድ ጊዜ ብቻ ይወጣል።

የመንገድ ፈንድ ሌላው በር ነው። በአዋጅ ቁጥር 66/1989 የተቋቋመው ይህ ፈንድ በዋናነት ከነዳጅ ላይ ከሚሰበሰብ ክፍያ የሚገኝ ሲሆን የታሰበውም ለመንገድ ጥገና ነው። አዲስ መንገድ አይጠየቅበትም፤ የተሰበረ የቦይ ክዳን መተካትና የፈረሰ የመንገድ ዳርን መጠገን ግን በከተማው የጥገና ዕቅድ ውስጥ እንዲካተት መጠየቅ ይቻላል። የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት በሚሠራባቸው ቀጠናዎች ደግሞ የተጠቃሚዎች የጉልበት ሥራ ለቁፋሮ፣ ለጠረጋና ለድልዳላ ሊውል ስለሚችል፣ ኮሚቴው የቀጠናውን የማኅበረሰብ ሥራዎች ዕቅድ አስቀድሞ ቢያይ መልካም ነው። የኮሪደር ልማት ያለፈበት ዋና መንገድ አጠገብ የሚገኝ ሰፈር ከሁሉም የተሻለ መከራከሪያ አለው፤ በሰፊው የተነጠፈው የእግረኛ መንገድ ሰፈሩ መገንጠያ ላይ ሲደርስ በ20 ሴንቲ ሜትር ደረጃ የሚቋረጥ ከሆነ፣ የሚጠየቀው የተሠራውን ማገናኘት ነውና።

የበጀት ዓመቱና ክረምቱ

የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይከፈታል፣ ሰኔ 30 ይዘጋል። በጎንደር ሐምሌ ማለት መሬቱ ውሃ የጠገበበት፣ ማንም ቁፋሮ የማይጀምርበት ወር ነው። ስለዚህ ዲዛይኑና ጨረታው በክረምት ተጠናቆ ውሉ በመስከረምና በጥቅምት ካልተፈረመ ሥራው የደረቁን ወራት ያጣል። ለሚቀጥለው ዓመት የሚቀርብ ጥያቄ ቢዘገይ እስከ ጥር ገቢ ሆኖ መገኘት ይኖርበታል። ከዚያ በኋላ የሚደርስ ደብዳቤ ሌሎች ሰፈሮች የያዙትን መስመር አስለቅቆ መግባት ስላለበት ብዙም አይሳካለትም።

አንድ ነገር ልጨምር። በዓመቱ አጋማሽ ላይ ያልተንቀሳቀሱ ፕሮጀክቶች ገንዘብ ወደተዘጋጁት ሊዛወር ይችላል፤ በዚያን ጊዜ ዲዛይንና የዋጋ ግምት በእጁ ያለው ሰፈር ከፊት ይሰለፋል። በዚህ ዓመት አልተሳካም ተብሎ ሰነዱን መሳቢያ ውስጥ መቆለፍ አይገባም።

መንገዱን መለካት

በመጀመሪያ አጭርና ትርጉም ያለው ክፍል ይመረጣል። ከባጃጅ ማቆሚያ እስከ ጤና ጣቢያ፣ ከትምህርት ቤት በር እስከ ዋናው አስፋልት፣ ወይም ከሰፈር ወደ ቅዳሜ ገበያ የሚወስድ 300 ሜትር መንገድ፣ መነሻውና መድረሻው ከማይታወቅ 2 ኪሎ ሜትር ይሻላል። ከዚያ ቆጠራ ይደረጋል፦ በአንድ የሥራ ቀንና በአንድ የገበያ ቀን፣ ጠዋት ለ2 ሰዓት ያህል፣ የሚያልፈው እግረኛ ሁሉ ይቆጠራል። ከጠቅላላው ቁጥር ይልቅ ክብደት ያለው፣ መንገዱ በመዘጋቱ ወይም በመፍረሱ ምክንያት ወደ መኪና መንገድ ወርዶ የሚሄደው ሰው ቁጥር ነው፤ እርሱ ለብቻው ይመዝገብ።

ተዳፋትን ለመለካት መሐንዲስ መጥራት አያስፈልግም። ልኩ በትክክል 1 ሜትር የሆነ ቀጥ ያለ ጣውላና የግንበኛ ሊቬሎ ይበቃል። የጣውላው አንዱ ጫፍ በዳገቱ በኩል መሬት ላይ ያርፋል፤ ሌላው ጫፍ የሊቬሎው አረፋ መሐል እስኪገባ ድረስ ከፍ ይደረግና ከጣውላው ሥር እስከ መሬት ያለው ክፍተት በሜትር ይለካል። ክፍተቱ 5 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ተዳፋቱ 5 በመቶ ነው፤ 8 ሴንቲ ሜትር ከሆነ አንድ ሰው ያለ እርዳታ በዊልቸር ሊወጣው ይችላል ተብሎ ለራምፕ (ደረጃን ለሚተካ ተዳፋት መወጣጫ) የሚፈቀደው የ1 ለ12 ወሰን (በ12 ሜትር ርዝመት 1 ሜትር ከፍታ) ላይ ደርሷል። ይህ ልኬት በየ10 ሜትሩ እየተደገመ ይጻፋል፤ በዚያው ጣውላ ጎነ ተዳፋቱንም፣ ማለትም መንገዱ ወደ ጎን ምን ያህል እንደሚያዘነብል፣ መለካት ያስፈልጋል።

ጎነ ተዳፋቱን እኛ ዘንግተነው ነበር። አንድ በክራንች የሚሄዱ ጎረቤታችን አብረውን ሲጓዙ ዳገቱን ሁሉ ያለ ችግር አልፈው አንድ የግቢ በር ፊት ለፊት ሲደርሱ ቆሙ። ባለቤቱ መኪናው እንዲገባለት የእግረኛውን መንገድ በሲሚንቶ ወደ አስፋልቱ አዘንብሎታል። «ዳገቱን ለምጄዋለሁ፤ ይኼ ግን ይገፈትረኛል» አሉን። ጣውላውን አጋድመን ስንለካው በአንድ ሜትር 9 ሴንቲ ሜትር ወረደ፤ መብለጥ የሌለበት 2 ነበር። ከዚያ ወዲህ ልኬት ስናደርግ ቢያንስ አንድ የዊልቸር ተጠቃሚና አንድ ማየት የተሳነው ሰው ከእኛ ጋር እንዲሄዱ እናደርጋለን። ለዚህም ሆነ ለሙያ ምክር የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ቅርብ ነው፤ የፊዚዮቴራፒ ትምህርት ክፍሉና ማኅበረሰብ ተኮር የተሐድሶ ፕሮግራሙ ከአካል ጉዳተኞች ጋር ለረጅም ጊዜ የሠሩ ናቸው፣ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱም የምሕንድስና ተማሪዎች አሉት።

እያንዳንዱ መሰናክል ከመነሻው ባለው ርቀት ይመዘገባል፦ በ42 ሜትር ላይ የመብራት ምሰሶ፣ በ67 ሜትር ላይ ክዳን የሌለው ማንሆል፣ በ110 ሜትር ላይ የሱቅ ደረጃ። ፎቶ ሲነሳ ሜትሩ በፎቶው ውስጥ ይታይ።

ዲዛይኑና የሥራ ዝርዝሩ

ዲዛይኑን የሚሠራው የከተማው ባለሙያ ወይም አማካሪ ቢሆንም ኮሚቴው ጥቂት ቁጥሮችን በቃሉ ሊይዝ ይገባል። ምንም ነገር ያልቆመበት የመራመጃ ስፋት 2 ሜትር ቢሆን ይመረጣል፤ ቦታው ጠባብ ከሆነም ከ1.5 ሜትር ባይወርድ። በ2 ሜትር ስፋት ላይ ውሃ እንዲወርድ የሚፈለገው ጎነ ተዳፋት 4 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ከርብ ስቶኑ 15 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ካለው፣ በ1 ለ12 ልክ ወደ ማቋረጫው የሚያወርደው ራምፕ 1.8 ሜትር ርዝመት ይፈልጋል። በየከተማው የምናያቸው ግማሽ ሜትር ብቻ ርዝመት ያላቸው ራምፖች ተዳፋታቸው 30 በመቶ ነው፤ ዊልቸር ወደ ኋላ ይገለብጣሉ።

ኮብልስቶን የብዙ ወጣቶች እንጀራ የሆነ፣ ለጎንደር መልክም የሚስማማ ንጣፍ ነው፤ ነገር ግን ጥርብ ያልሆነው ዓይነት የዊልቸርን የፊት ጎማ ይይዛል፣ የተቀመጠውንም ሰው ያንገጫግጫል። ኮብልስቶኑን መቃወም አያስፈልግም፤ በመሐሉ 1.2 ሜትር ስፋት ያለው ለስላሳ ጥርብ ድንጋይ ወይም መሬቱ የማያዳልጥ የኮንክሪት ንጣፍ እንዲያልፍ መጠየቅ ይበቃል። የሚያብረቀርቅ ታይል ግን በነሐሴ ዝናብ ለማንም አይሆንም። የቦይ ክዳን ቀዳዳዎች ከ1.3 ሴንቲ ሜትር ባይሰፉና በጉዞው አቅጣጫ ሳይሆን አግድም ቢደረጉ ጎማም በትርም አይገባባቸውም።

የጎንደር መሬት ሁሉ ለራምፕ ይመቻል ማለት አይደለም። መንገዱ ራሱ 12 ወይም 15 በመቶ ከሆነ የእግረኛው መንገድ ከእርሱ ሊለሰልስ አይችልም። በዚህ ጊዜ ሁለት ምርጫ አለ፦ አንድም ኮረብታውን እየዞረ የሚወጣ፣ ረዘም ያለ ግን የሚቻል ሌላ መንገድ መምረጥ ነው፤ አንድም በየጥቂት ሜትሩ 1.5 ሜትር ርዝመት ያለው ጠፍጣፋ ማረፊያና ከ85 እስከ 95 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው የእጅ መደገፊያ ማስገባት ነው። ሁለተኛው ለዊልቸር ተጠቃሚ ሙሉ መፍትሔ አይደለም፤ ይህም በማመልከቻው ላይ በግልጽ ቢጻፍ ይሻላል እንጂ «ለሁሉም ተደራሽ» ብሎ ማለፍ ተገቢ አይመስለኝም።

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ የሚይዝ አንባቢ ካለ ይህን ይያዝ፦ በሥራ ዝርዝሩ፣ በተለምዶ ቢኦኪው በሚባለው ሰነድ፣ በራሱ መስመር ያልተጻፈ ነገር አይሠራም። «የእግረኛ መንገድ ሥራ፣ ጥቅል» ተብሎ ከተጻፈ ተቋራጩ ጠፍጣፋውን አንጥፎ ይሄዳል። ራምፕ በቁጥር፣ ለዓይነ ስውራን የሚነጠፈው ምልክታዊ ንጣፍ በካሬ ሜትር፣ የቦይ ክዳን በቁጥር፣ የእጅ መደገፊያ በሜትር እየተለየ መጻፍ አለበት። መንገዱ 4 መገንጠያዎችን የሚያቋርጥ ከሆነ በየመገንጠያው ግራና ቀኝ ራምፕ ስለሚያስፈልግ ቁጥሩ 8 ነው፤ 4 ተብሎ ከተጻፈ ሰው ይወርዳል እንጂ አይወጣም።

ለዋጋ ግምቱ ከተማው በቅርቡ ከፈረማቸው ውሎች የነጠላ ዋጋ መጠየቅ ይሻላል፤ ከሁለት ዓመት በፊት የነበረ ዋጋ ይዞ መቅረብ ሥራው መሐል ላይ እንዲቆም ያደርጋል። ለ300 ሜትር በ2 ሜትር ስፋት 600 ካሬ ሜትር ንጣፍ ይወጣል፤ በዚያ ላይ የራምፑ፣ የክዳኑና የከርብ ስቶኑ ዋጋ፣ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ፣ የመጠባበቂያና የቁጥጥር ወጪ ይደመራሉ። የመብራት ምሰሶ፣ የስልክ መስመርና የውሃ ቆጣሪ ማዛወሪያ ክፍያ ሁልጊዜ ይረሳል። በማውቀው አንድ ሥራ ራምፑ በልኩ፣ በጥሩ ኮንክሪት ተሠርቶ ሲያልቅ ምሰሶው መሐሉ ላይ ቆሞ ቀረ፤ ለማዛወሪያው የተያዘ ገንዘብ ስላልነበረ ራምፑ ለባጃጅ ማቆሚያነት ዋለ።

ማመልከቻውና የሕግ መሠረቱ

ደብዳቤው ከአንድ ገጽ ባይበልጥ፣ የቀረው ሁሉ አባሪ ቢሆን ይመረጣል፦ የልኬት ሠንጠረዥ፣ ንድፍ፣ ፎቶ፣ የዋጋ ግምት፣ የስብሰባ ቃለ ጉባኤ ከነፊርማው፣ ነዋሪው በጉልበት፣ በቁሳቁስ ወይም በገንዘብ የሚያዋጣውም መጠን። ገንዘብ የሚሰበሰብ ከሆነ ያለ ሕጋዊ ደረሰኝ አንድ ብር እንኳ መነካት የለበትም። ሰነዱ ከቀበሌ ተነሥቶ በክፍለ ከተማ በኩል ወደ ከተማው መሠረተ ልማት መምሪያ ይሄዳል። ግልባጩ ለገንዘብ መምሪያና ለከተማው ምክር ቤት ይድረስ። በየመዝገብ ቤቱ የገቢ ቁጥሩን መቀበል አይዘንጋ፤ ከወር በኋላ የሚጠየቀው ጥያቄም «ምን ደረሰ?» ሳይሆን «በካፒታል ዕቅዱ በስንተኛ ተራ ቁጥር ተያዘ?» የሚል ይሁን።

ብዙ አመልካቾች የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001ን ይጠቅሳሉ። አዋጁ አካል ጉዳተኞች የሚገቡበት መንገድ እንዲኖር ያዘዘው ለሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ስለሆነ ጎዳናውን ለመጠየቅ ብቻውን አይበቃም። ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ግን በአንቀጽ 9 መንገዶችን በስም ይጠራል፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 መሠረት ደግሞ የጸደቀ ስምምነት የአገሪቱ ሕግ አካል ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 43 ነዋሪው በአካባቢው በሚሠራ ፕሮጀክት ላይ አስተያየቱ እንዲጠየቅ መብት ይሰጠዋል። የትራንስፖርት ሚኒስቴር በ2012 ዓ.ም. ያወጣው የአሥር ዓመት ሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂም ለእግረኛ ቅድሚያ ስለሚሰጥ ተጨማሪ ድጋፍ ይሆናል።

አጥር ወይም ሱቅ መነሣት ካለበት ጉዳዩ በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 የካሳ ሥርዓት ስለሚመራ ወጪውም ጊዜውም ይጨምራል፤ ኮሚቴው አስቀድሞ ባለይዞታዎቹን አነጋግሮ መስመሩን ለማጥበብ ወይም ለማዞር ቢሞክር ይሻላል። በመንገዱ ዳር ቆሎና ሽንኩርት የሚሸጡት እናቶችም የስብሰባው ተሳታፊ ይሁኑ። ቦታቸው በንድፉ ላይ ካልተሰጣቸው ንጣፉ በደረቀ ማግሥት እዚያው ላይ ይቀመጣሉ፤ ልንወቅሳቸውም አይገባም።

ሰፈሩ ከፋሲል ግቢ፣ ከጥምቀተ ባሕሩ፣ ከቁስቋም ወይም ከደብረ ብርሃን ሥላሴ አጠገብ ከሆነ ተጨማሪ ፈቃድ አለ። ፋሲል ግቢ እ.ኤ.አ. በ1979 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ሲሆን፣ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ጥብቅ የቅርስ ክልል ተብሎ በታወጀ ቦታ ያለ ፈቃድ መንገድ መሥራትም ሆነ መቆፈር አይቻልም። የቅርስ ባለሥልጣን አስተያየት ከዲዛይኑ በፊት ይጠየቅ፤ የድንጋዩን ዓይነትና የከርቡን ከፍታ ሊወስን ይችላልና።

ውል ከተፈረመ በኋላ

ኮሚቴው የውሉን የሥራ ዝርዝር ኮፒ ጠይቆ በእጁ ይያዝ። ራምፕ ከመሞላቱ በፊት፣ ፎርሙ (ኮንክሪቱ የሚፈስስበት ቅርጽ) ገና ሳለ፣ በዚያው ባለ 1 ሜትር ጣውላ ይለካ፤ ኮንክሪቱ ከደረቀ በኋላ የሚነሣ ቅሬታ ክርክር እንጂ እርማት አያመጣም። ስሕተት ሲገኝ ለሠራተኛው መጮህ ዋጋ የለውም፤ ለተቆጣጣሪ መሐንዲሱ በጽሑፍ ይሰጥና በሳይት መዝገቡ ላይ መስፈሩ ይረጋገጥ።

ሥራው ሲያልቅ ጊዜያዊ ርክክብ ይደረጋል፤ ከክፍያው የተወሰነው ተይዞ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓመት የሚቆየው የጉድለት ማረሚያ ጊዜ ይጀምራል። በግንቦት የተረከቡት መንገድ ሁሉ ጥሩ ይመስላል። ክረምቱ እንዳለፈ፣ በመስከረም መጨረሻ፣ በመጀመሪያው ልኬት ላይ የነበሩት የዊልቸር ተጠቃሚና ማየት የተሳነው ሰው እንደገና አብረው ይሂዱበት፤ የሰመጠው ንጣፍ፣ የተነሣው ክዳን፣ ውሃ የቋጠረው ራምፕ በሜትር ርቀቱ ተመዝግቦ የተያዘው ገንዘብ ለተቋራጩ ከመለቀቁ በፊት ለመምሪያው ገቢ ይደረግ።